ዶክተር ሰናይትና የእናቴ ይቅርታ

ዶክተር ሰናይት ሶዶን ለቃ መሄዷን የነገረችኝ እናቴ ናት። ከክፍል ወጥቼ ለምሳ ተሰልፌ ነበር። ስልኩን ሳነሣ እንደ ልማዷ ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ዶርም ጓደኞቼ አልጠየቀችኝም።

«ዶክተር ዕቃዋን ጫነች» አለችኝ።

«መቼ?»

«አሁን። መኪናው አስፋልት እንኳ አልወጣም። እህትሽ ሶሲ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እስከ ውጭ በር ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት።» «እኔ አላለቀስኩም» ብላ ጨመረች። እንዳለቀሰች ከድምፅዋ ዐወቅሁ።

ዶክተር ሰናይት ደህና ናት። በሕይወት ስላለ ሰው እንዲህ ያለ የመታሰቢያ ጽሑፍ መጻፍ ሟርት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሄደችው የሕፃናትን የነርቭ ሕክምና ለመማር ነው፤ ደስ ሊለን ይገባል፤ ደስም ብሎናል። ነገር ግን እናቴ፣ «የጓሮው ክፍሎች ባዶ ሆኑ» ስትለኝ የምሳውን ሰልፍ ትቼ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ስለ እሷ መጻፍ ያሰብሁትም እዚያው ነው።

ወደ ቤታችን የመጣችው እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። በከተማችን ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የሕፃናት ሐኪም ሆና ተመድባ ነበር። አባቴ፣ «ተከራያችን ዶክተር ነው» ብሎ ለጎረቤት ሁሉ አውርቶ፣ የጓሮውን ክፍሎች ቀለም አስቀብቶ ጠበቀ። ሁላችንም መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ስንጠባበቅ ከባጃጅ የወረደችው አንዲት ቀጭን ሴት ናት። የጋዝ ምድጃ እንደ ሕፃን አቅፋለች።

«ዶክተሩስ?» አላት አባቴ፣ ከኋላዋ እያየ።

«ዶክተሩ ምድጃ ከብዶታል፤ ያግዙት» አለችው።

እናቴ እየሳቀች ሄዳ ተቀበለቻት። እኔ አፍሬ፣ «እንኳን ደህና መጡ» ስል፣ «አንቱ አትበይኝ፤ ገና ባል እንኳ አላገኘሁም፤ ሰፈሩን ታስደነግጪብኛለሽ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ እላታለሁ፤ «ዶክተር» የሚለውን ግን ልታስተወኝ አልቻለችም።

የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ከዳሞታ ተራራ ነፋስ ሲወርድ እኛ ጋቢ ውስጥ ስንኮማተር፣ እሷ በቲሸርት ወጥታ ልብስ ታሰጣለች። «ይሄ ብርድ ነው? ይሄ እኮ የእኛ አገር ብርድ እረፍት የወጣ ቀን ነው» ትላለች። ያሸነፍናት በዳታ ብቻ ነው። እናቴ የምታዘጋጀውን ያንን አረንጓዴ የሚያቃጥል ማባያ እንባዋ እየወረደ ትበላና፣ «ጨምሩልኝ፤ ገና አልሞትኩም» ትለናለች።

ሁለት ነገሮች ሰፈሩን በጣም ያስገርሙት ነበር። አንደኛው፣ «አላውቅም» ማለቷ። ሰው ሕመሙን ነግሯት ካልገባት ፊቷን ሳታጠቁር፣ «አላውቅም፤ ግን እፈልጋለሁ» ትለዋለች። አባቴ ይህን ፈጽሞ አልወደደውም። «ዶክተር አላውቅም ካለ እኛ ምን እንበል?» ብሎ አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቃት። «ያላወቅሁትን ዐውቃለሁ ካልኩ መፈለጌን አቆማለሁ፤ የሚጎዳው ደግሞ በሽተኛው ነው» አለችው። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ በቢሮው አንድ ሰው ያላወቀውን ሲጠይቀው የእሷን ቃል እንደሚጠቀም ሰምቻለሁ።

ሌላው መጠበቋ ነው። ሰው ጠይቃ እስኪመልስላት ትጠብቃለች። እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ምንም ሳትል ትቆማለች። እኛ «ደህና ነህ?» ብለን መልሱን ሳንሰማ ነው የምናልፈው። እሷ ግን ቆማ ትቀራለች። በሰፈራችን የሚሠራ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ «ይቺ ዶክተር ‹እንደምን አደርክ› ብላኝ ቆመች። ‹ደህና› አልኳት፤ አሁንም ቆማለች። ግራ ቢገባኝ ወገቤን እንደሚያመኝ ነገርኳት! ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም» እያለ ሰውን ሁሉ ያስቅ ነበር።

አሁን ስለ እህቴ ልናገር።

ሶስና፣ ሁላችንም ሶሲ የምንላት፣ ዶክተር ሰናይት ስትመጣ አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። መናገር አትችልም። ሰው ደግፏት ካልሆነ አትራመድም። አንዳንድ ጊዜ ትንፋሿን ውጣ ትይዝና ከንፈሯ እስኪጠቁር እንጨነቃለን። ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስተውለው እጆቿን ነው። ደረቷ ላይ አጋጥማቸው፣ እያሸች፣ እያጠላለፈች፣ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ አትለያቸውም።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ዓመት ሲሆናት ‹ማማ› ትል ነበር፤ ‹ውሃ› ትል ነበር፤ ተቀምጣ ትጫወት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ በር ሲንኳኳ አልጋው ላይ ትታት ተነሣች፤ ሶሲ ተንከባልላ ወደቀች። አልደማችም፤ አላበጠችም፤ ትንሽ አልቅሳ ጡት ጠባች። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቃሎቿ አንድ በአንድ ጠፉ። የአባቴ እህት፣ አክስቴ አበበች፣ ከበዴሳ መጥታ ይህን ስታይ ጭንቅላቷን ይዛ፣ «ወደቀ አላልሽም? በቃ፣ አእምሮውን ነው የተመታው» አለች። አክስቴ አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ታደርጋለች፤ በወላይትኛ ግን ንግግሯ እንደ ቢላዋ የተሳለ ነው። ይህች ቃሏም በቤተሰቡ ሁሉ ውስጥ ገብታ ቀረች። እናቴም አምና ተቀበለቻት።

በአባቴ ቤተሰብ አንድ ጥብቅ ልማድ አለ። መስከረም ላይ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሲመጣ ሁላችንም በዴሳ አጠገብ በሚገኘው በአባባ ጦና ቤት እንሰበሰባለን። አባባ ጦና የአባቴ አጎት፣ የቤተሰቡ ታላቅ ናቸው። ቢላዋ ሥጋው ላይ ከማረፉ በፊት ያጠፋ ሁሉ ይነሣል፤ ጥፋቱን ይናገራል፤ ይቅር ይባላል። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት የሚሻገር የለም። አንዱ ድንበር ስለ መግፋቱ፣ ሌላው ክፉ ስለ መናገሩ ይነሣል። እናቴም በየዓመቱ ትነሣ ነበር።

«ልጃችሁን ጥያለሁ፤ ይቅር በሉኝ» ትላለች።

ይቅር ይሏታል። ማንም አይቆጣትም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። አክስቴ አቅፋ ትስማታለች፤ «ረስተነዋል» ትላታለች፤ ለሶሲ ብላ ያኖረችውን ለጋ ቅቤ ትሰጣታለች። በሚቀጥለው ዓመት እናቴ እንደገና ትነሣለች። ልጅ ስለነበርኩ ነገሩ የሚያምር ይመስለኝ ነበር።

ዶክተር ሰናይት ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች በኋላ ስለ ሶሲ ለረጅም ጊዜ ምንም አልጠየቀችንም። ከሥራ ስትመለስ በረንዳው ላይ ትቀመጥና እያወራች ታያታለች። አንድ ቀን እናቴ ራሷ፣ «ዶክተር፣ ልጄን እስቲ እይልኝ» አለቻት። ወዲያው መሬት ላይ ከሶሲ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ፊቷን፣ እግሮቿን፣ አተነፋፈሷን ተመለከተች።

«ምንድን ነው ያለባት?» አለች እናቴ።

«አላውቅም።»

እናቴ ፊቷ ወደቀ።

«የጠረጠርኩት ግን አለ። እስካረጋግጥ ስሙን ባልነግርሽ ይሻላል፣ እትዬ አስቴር። እጇን ልያዘው?»

እናቴ ደነገጠች። «እየጸለየች እኮ ነው።»

ይህ የእናቴ ብቻ አሳብ አልነበረም። በቤታችን የሚሰበሰቡት የጸሎት ቡድን ሴቶች ሁሉ የሚሉት ነው። ሶሲ እጆቿን አጋጥማ መሃላቸው ስትቀመጥ፣ «ይህች ልጅ ከእኛ ሁሉ በላይ ትጸልያለች፤ ጌታ በራሷ ጸሎት ይፈውሳታል» ይላሉ። የሚጸልይን ሰው እጅ ማን ያላቅቃል? ስለዚህ ማንም ነክቷቸው አያውቅም። ማንኪያም አስይዘናት አናውቅም፤ አሻንጉሊትም።

ዶክተር ሰናይት ትስቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀችም። «እንግዲያው እስክትጨርስ እጠብቃለሁ» አለች።

ጠበቀች። ፀሐይዋ ወደ ዳሞታ ጀርባ ዞረች። እናቴ ራት ልትሠራ ገብታ ወጣች። ዶክተር ከሶሲ ፊት ሳትነሣ ስለ ደብረ ብርሃን በጎች ታወራላታለች፤ ጥያቄ ትጠይቃትና መልስ እንደሚመጣ ሁሉ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሶሲ በመጨረሻ እንቅልፍ ወሰዳትና እጆቿ ተለያዩ። ያን ጊዜ ዶክተር እናቴን ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ፣ ይህ ጸሎት አሜን የለውም» አለቻት፣ በቀስታ። «ልታቆመው ብትፈልግም የምትችል አይመስለኝም። እጆቿ ናቸው የያዟት።»

እናቴ የተለያዩትን እጆች አይታ፣ «ነገ ያዢው» አለች።

በማግስቱ ዶክተር የሶሲን ግራ እጅ በእጇ ውስጥ አሳረፈችው፤ አልጎተተችውም፤ እንዲያርፍ ብቻ አደረገች። በሌላው እጇ ሙዝ አንሥታ አሳየቻት። እኔ በእሷ ትእዛዝ አቮካዶ ይዤ በሌላው ጎን ቆምሁ።

«ሶሲ፣ የቱን ልስጥሽ?» አለችና ዝም አለች።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «አትሰማም እኮ ዶክተር፤ አታድክሚያት» አለ።

«ዝም በሉ፣ ጌታዬ። እያሰበች ነው።»

ዝምታው በጣም ረዘመ። እጄ መዛል ጀመረ። ከዚያ የሶሲ ዓይን ከዶክተር ፊት ተነሣ፤ ወደ ሙዙ ሄደ፤ እዚያ ቀረ።

«አጋጣሚ ነው» አለ አባቴ።

ተቀያየርን፤ ሙዙን እኔ ያዝሁ። ጠበቅን። የሶሲ ዓይን ዞሮ ወደ እኔ መጣ። አባቴ ሁለቱንም ነጥቆን ራሱ ተንበረከከ። «ሶሲ፣ የእኔ እናት፣ የቱን?» አላት፤ መጠበቁን ግን ስለማያውቅበት ወዲያው ደግሞ ጠየቃት። ዶክተር ትከሻውን ነካ አድርጋ አስቆመችው። ሶሲ ሙዙን አየች። አባቴ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ሄደና ፊቱን ብዙ ታጠበ። ሲመለስ ማንንም ሳያይ፣ «አቮካዶ እኔም አልወድም» አለ።

ሶሲ ይህን ሁሉ ዓመት ስትሰማን ኖራለች ማለት ነው። ይህ ደስታም ሐዘንም ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ ማወቅ አልቻልንም። እናቴ ላይ ግን ሐዘኑ በረታ። ‹ይህን የመሰለ አእምሮ ነው የዘጋሁት› ብላ እንዳሰበች፣ ከዚያ በኋላ ምግብ ከመቀነሷ ተረዳሁ።

ዶክተርም ተረድታ ኖሯል። አንድ ቅዳሜ ኩሽና ገብታ፣ እናቴ ጎደሬ ስትልጥ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍሁ ነበር።

«እትዬ፣ ስለ ሶሲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ነገርኩሽ እኮ። በር ተንኳኳ፣ ተነሣሁ፣ ወደቀች…»

«እሱን አይደለም። ከመውደቋ በፊት ስለነበረው።»

«ከመውደቋ በፊት ደህና ነበረች።»

ዶክተር አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። እናቴ አንድ ጎደሬ ልጣ ጨረሰች፤ ሌላ አነሣች። ድስቱ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፤ ልነሣ ስል ዶክተር በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

«ከመውደቋ በፊት…» አለች እናቴ፣ «ማንኪያ መያዝ ትታ ነበር።»

ዶክተር ዱካውን ወደ እሷ አስጠጋች።

«ባቄላ ከሰፌድ ላይ በጣቷ ትለቅም ነበር። እሱንም ተወች። ጥርስ እያወጣች ነው፣ አልኩ። ስሟን ስጠራት ቶሎ አትዞርም ነበር። ጆሮዋን አሟት ይሆናል አልኩ… ይህ ሁሉ ከመውደቋ በፊት ነው።» ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። «ከመውደቋ በፊት ነው እኮ! ለምን ለማንም አልነገርኩም?»

«ማን ጠየቀሽ?» አለቻት ዶክተር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ሄደ። ዶክተር ከአዲስ አበባ መምህሮቿ ጋር ተነጋግራ እናቴና አባቴ ሶሲን ይዘው ሄዱ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ካዩዋት በኋላ ደሟ ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ተላከ። መልሱ እስኪመጣ ወራት ወሰደ። ሲመጣ ዶክተር እኛን ሁላችንን ሳሎን አስቀምጣ በሽታው ሬት ሲንድሮም እንደሚባል ነገረችን።

«ስሙም መራራ ነው» አለች እናቴ።

«መጀመሪያ የጻፈው ሐኪም ስም ነው፤ መራራነቱ የእኛ አማርኛ ነው» አለች ዶክተር። ከዚያ ሳትደብቅ ነገረችን። በጣም ጥቂት ልጆችን ብቻ የሚያገኝ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ልጅቷ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ትመስላለች፤ ከዚያ የተማረችውን ቃልና የእጅ ሥራ ታጣለች። እጅ ማሸቱም፣ ትንፋሽ መያዙም፣ ጥርስ ማፋጨቱም ከእሱ ነው። የሚያድነው መድኃኒት የለም። የሚጥል በሽታ ሊመጣ ይችላል፤ ያ መድኃኒት አለው። ጀርባዋ እንዳይጎብጥ በየቀኑ ማራመድ አለብን፤ ክብደቷን መጠበቅ አለብን። «ከምታሳየው በላይ ይገባታል። ስለዚህ ፊቷ ላይ ስለ እሷ እንደሌለች አታውሩ» አለች።

«ከየት መጣ?» አለ አባቴ።

«ከመወለዷ በፊት፣ ገና ስትፈጠር በዘሯ ውስጥ በተከሰተች አንዲት ትንሽ ለውጥ። በአጋጣሚ የሚሆን ነው። ውድቀት አያመጣውም፤ ድንጋጤም፣ የሰው ዓይንም አያመጣውም።»

እናቴን አየኋት። ትሰማ ነበር፤ ግን እንደ ደግ ሰው ማጽናኛ ነበር የምትሰማው። አመስግና ተነሣች። ጊፋታ ሲቃረብም እንደ ሌላው ጊዜ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች።

በዚያ ዓመት ዶክተርን ይዘናት ሄድን። አባባ ጦና፣ «የልጃችን ሐኪም ሳትመጣ ሥጋ አልቆርጥም» ብለው ልከው ነበር። በሚኒባስ በዴሳ ደርሰን፣ ከዚያ በእግር ሄድን፤ አባቴ ሶሲን አዝሏታል። ቤቱ ሞልቷል። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ተዘርግቷል። ዶክተር ወላይትኛዋ ከሰላምታ ስለማያልፍ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አስተረጉማለሁ።

ሰዎች እየተነሡ ጥፋታቸውን ተናገሩ። አንዱ የአክስቴን ልጅ በሬ ሳያስፈቅድ አርሶበታል፤ ይቅር ተባለ፤ ተሳቀ። ከዚያ እናቴ ተነሣች።

«አሁን ምን አለች?» አለችኝ ዶክተር።

«ይቅርታ እየጠየቀች ነው።»

«ለምኑ?»

«ሶሲን… ስለ ጣለች።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

ዶክተር ሰናይት እንግዳ ናት፤ ከታላላቆች በፊት መናገር እንደሌለባትም ታውቃለች። ፊቷ ሲቀላ አየሁ። አክስቴ እጆቿን ዘርግታ ወደ እናቴ ስትሄድ ግን አልቻለችም፤ ተነሣች።

«አባባ ጦና፣ በጌታ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ? ይቅርታው ከመሰጠቱ በፊት።»

አባባ ጦና በወጣትነታቸው ዱንጉዛ፣ ማለትም ባለ ጥለቱን የወላይታ ጨርቅ፣ የሚሠሩ ሸማኔ ስለነበሩና ሶዶ ገበያ ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። በእጃቸው ፈቀዱላት።

«ዱንጉዛ ሲሠሩ፣ ድሩ ሲዘረጋ አንዲት ክር ከቦታዋ ብትዘል፣ ወዲያው ይታያል?»

ሽማግሌው በጥያቄው ተገርመው ፈገግ አሉ። «አይታይም። መጀመሪያ ጨርቁ ደህና ነው። ጥለቱ ላይ ስደርስ ነው የማየው። ያን ጊዜ ጥለቱ እምቢ ይላል።»

«ልክ ጥለቱ ላይ ሲደርሱ መወርወሪያው ከእጅዎ ቢወድቅስ? ጥለቱን ያበላሸው መውደቁ ነው?»

«እንዴት ሆኖ! ድሩ ቀድሞ ተዘርግቶ የለም…» አሉና አቆሙ። እናቴን አዩ። ሶሲን አዩ። ዶክተር ምንም አልጨመረችም፤ እጆቿን አጣምራ ቆመች። እኔ የተባለውን ለቤቱ በወላይትኛ መለስሁ።

ቀድማ የተናገረችው አክስቴ ናት። «ታዲያ ድሩን ማን አሳሳተ? የእኛ ወገን ነው ወይስ የእሱ?» አለች፣ እናቴን እያመለከተች።

«እማማ አበበች፣ ጥፋቱን ከአንዱ ቤት አንሥቼ ሌላው ቤት ላስቀምጥ አልመጣሁም» አለቻት ዶክተር። «ጥፋት የለም። ሰው አልሠራውም። እትዬ አስቴር ልጇ ቀድማ መታመሟን በዓይኗ አይታለች፤ ማንኪያ መያዝ የተወችው ከመውደቋ በፊት ነው። ማንም ስላልጠየቃት ነው ያልተናገረችው።»

አክስቴ ወደ እናቴ ዞረች። «እውነት ነው አስቴር?»

«እውነት ነው» አለች እናቴ።

አባባ ጦና በትራቸውን ፈልገው፣ ተደግፈው፣ ተነሡ። በቤታችን ልማድ ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሊጠይቅ አይነሣም። «ያልነበረ ጥፋት ስንምር ከርመናል» አሉ። «በየዓመቱ ይቅር ስንላት በየዓመቱ ስንከሳት ነበር። እኔ አጥፍቻለሁ።» ሌሎቹም ተነሡ፤ ተቀምጦ የቀረ የለም። አክስቴ ግን ከመነሣቷ በፊት መሬቱን በመዳፏ መታች፤ እያለቀሰች ነበር። «እኔ ደግ የሆንኩ መስሎኝ! ቅቤ እየሰጠሁ!» አለች።

እናቴ ቆማ በዙሪያዋ ታያለች። እንዲህ ግራ ገብቷት አይቻት አላውቅም። በመጨረሻ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «አሁን ምን ይባላል?» አለችኝ።

መጠየቁን እንጂ መስጠቱን አታውቅበትም ነበር። መጀመሪያ ያ በሬ ሳያስፈቅድ ያረሰበት ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ዶክተር ሰናይት ሳቋን ማቆም አቅቷት እንባዋን ጠረገች።

«‹ይቅር ብያለሁ› ይባላል እንጂ፤ እኛ ስንል ሰምተሽ የለም?» አሉ አባባ ጦና።

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ። ትከሻዋን ቀና አደረገች። አክስቴን አየቻት፤ አባቴን አየችው፤ ሁሉንም በየተራ አየች፤ አልቸኮለችም። «ይቅር ብያለሁ። በሉ ሥጋው ይቆረጥ።»

ከበላን በኋላ ወንዶቹ ውጭ ወጡ። እናቴ ሶሲን ጭኗ ላይ አስደግፋ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። አንዷ ሴት እንዲሁ ለወሬ ያህል፣ «ሶሲ የት ነው የተወለደችው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ አንድ ቃል መልሳ ዝም የምትል መስሎኝ ነበር።

«ባጃጅ ውስጥ ልትወለድ ነበር እኮ!» አለች። «ዝናብ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባጃጁ ተያዘ። ሹፌሩ ‹እናቴ፣ እባክሽን ትንሽ ያዥው› ይለኛል፤ ውሃ ነው እንዴ የምይዘው! ምጡ ሲመጣ እጮኻለሁ፤ ሲያቆም እስቃለሁ። ጤና ጣቢያ ደርሰን ወዲያው ወጣች። ጩኸቷ! አዋላጇ ‹ይህቺስ ገበያ ላይ ነጋዴ ነው የምትሆነው› አለች። አባቷ ደግሞ ሲያነጥስ አታውቁም፣ ቤት ያናጋል። የሦስት ወር ልጅ ሆና፣ እሱ ባነጠሰ ቁጥር ትስቃለች። ሆን ብሎ በርበሬ ያሸት ነበር፣ እሷን ለማሳቅ…»

እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። አንዱንም። በቤታችን የሶሲ ታሪክ የሚጀምረው ከአልጋው ነበር፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው እናቴ ማውራት የሚገባት አይመስላትም ነበር። ዶክተር ሰናይት አጠገቤ ሆና፣ ወላይትኛው ባይገባትም የእናቴን ፊት እያየች ትሰማለች። ልተረጉምላት ስል፣ «ተዪው፤ ደርሶኛል» አለችኝ።

እናቴ የአባቴን ማነጠስ እያስመሰለች አነጠሰች። ሶሲ ጥቂት ቆይታ፣ ከሁላችንም ኋላ፣ ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

አባቴ በበሩ ብቅ ብሎ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠን ተነሡ አለን። አክስቴ ዕቃችንን መሰብሰብ ጀመረች። እናቴ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ይሂድ፤ ሌላ ይመጣል» አለችው። «ገና ጥርስ ያወጣች ጊዜ ላይ አልደረስኩም።»